ቀዳዳ

ጣርማበር ላይ ጉም ነው፣ ሲነጋም ሲመሽም፤
ጎማ ለሚጠግን ሥራ ጠፍቶ አያውቅም።
በሁዳዴ ዐርብ፣ እህል ሳልቀምስ ውዬ፣
ወንድይፍራውን ሰደብሁት፣ “ደንቆሮ!” ብዬ፤
ያሥራ ሰባት ቁልፌን ገደል ጥሎብኝ ነው።
አንገቱን ደፋ፤ እኔም ወደ ሥራዬ።

አንድ አይሱዙ ቆመ፣ ጎማው ተንፍሶበት።
የውስጡን አውጥቼ ዳሰስሁት፦ ደህና ነው፤
ነፋሁት፦ ደህና ነው፤
ከሳፋው ስነክረው
ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ፣ ዓይኔ ካላየው ጥግ።

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።
ለካ እኔም ስጾም ደረቴን ነው የነፋሁት፤
የት ጋ እንደምተነፍስ አየሁት፣ ሰማሁት።

“ይቅር በለኝ” ማለት ምላሴን ከበደው፤
“ማስቲሽ አቀብለኝ፣ ወንድሜ” ነው ያልሁት።
ቀና ብሎ አየኝ።
ነገ እለው ይሆናል፤
ለዛሬ፣ አምላኬ፣ የቻልሁት ይህችን ነው።