ሦስተኛው ጥቅል

ከከዚራ ዝቅ ብሎ፣ ከሐዲዱ ጀርባ፣
ጣራ የለሽ ሲኒማ ነበር። በረኛው፦ «ስሙኒ ያለው ይግባ!»
ስሙኒ የሌለን ግን
አጥሩ ላይ ነበርን፤
ግማሹን ፊልም በግራ ዓይን፣ ግማሹን በቀኝ ስናይ፣
ሐሩሩ ከድንጋዩ ሳይወጣ፣ ኮከቡ ሞልቶ በሰማይ።

ማሽኑን የሚያሽከረክር፣ ሮብሌ የሚሉት ነበረ፤
አባቱ ለባቡሩ ከሰል ሲያጎርስ የኖረ፣
እሱ ለብርሃን ጥቅል ሲያጎርስ ያደረ።
ፊልሙ ከጅቡቲ ይመጣል፣ በቆርቆሮ ታሽጎ፤
አንዳንዴ አንዱ ጥቅል ይጎድላል፣ አይሻ ላይ መውረድ ፈልጎ።

ያን ምሽት ሦስተኛው አልመጣም።
ሰዉ ግን ሞልቷል፤ የመጋላ ሰው ከፍሎ ባዶ ዓይኑን አይወጣም።
ሮብሌ ከሳጥኑ ሥር ትራፊ ፊልም ለቀመ፣
በምላጭ ቆረጠ፣ በሙጫ አጣበቀ፣ በጥርሱ ይዞ ገጠመ፤
ከህንዱ አንድ ሠርግ ወሰደ፣
ከግብርና ሚኒስቴሩ የአንበጣ መንጋ፣ ሰማዩን የጋረደ፣
ከሌላው፣ ስሙ ከማይታወቅ፣ ተገልብጦ የተሰፋ ፏፏቴ፤
ውኃ ወደ ሰማይ ሲፈስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው በሕይወቴ።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው፦
በሁለተኛው ጥቅል፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ የደፋው ሰው
የሰው ወርቅ ዘርፎ፣ ከረጢቱን ጭኖ፣ በፈረስ ይሮጣል፤
በሦስተኛው ፈረሱ የለም፤ ሙሽሪት በዝሆን ትመጣለች እንጂ ማን ይመጣል፣
አንገቷ በወርቅ ጎብጦ።
ከዚያ አንበጣው ሠርጉን ይበላል። ውኃው ይወጣል ተገልብጦ።
በአራተኛው ያ ሰው ተመልሶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣
አቧራ ላይ ተደፍቶ ይሞታል። መብራት በራ። ሰዎቹ ዝም አሉ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።
አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአደርኛ፣
የጣቢያው ጸሐፊ አቶ ውብሸት በሚያውቋት ሁለት ቃል ፈረንሳይኛ
ተከራከሩ። «ሕልም ነው» አለ አንዱ፤ «ሁለት ፊልም ነው፣ ገንዘቤን!» አለ ሌላ፤
ለውዝ ሻጯ ዘምዘም ግን ጣሳዋን ይዛ ተነሣች ከኋላ፦

«ዓይናችሁ የት ነው? ወርቁን አላያችሁትም?
የሙሽሪት እኮ ነው! አንገቷ ላይ ያለው፣ ገና ስላልሰረቃት ነው እሱም።
ጊዜ እንደዚያ ውኃ ነው፣ ሽቅብ ነው የሚፈሰው፤
ሸሽቶ ሸሽቶ፣ ሊዘርፍ ወደ ሄደበት ቀን ነው የሚደርሰው።»
«አንበጣውስ?» አልናት ከአጥሩ ላይ። «እሱማ ፍርድ ነዋ!»
አለችና እጇን ዘረጋች፣ ላልተከፈለው ለውዟ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው ከገዛ ጥላው ሲካሰስ፣
ከተማ ሙሉ ሕዝብ በአንድ ሰው ሕልም ሲታመስ፣
ሰዓት ጠጋኝ የሞተ ልጁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጠብቅ፤
«ከየት አመጡት?» ይላል ሰዉ። እኔ ግን ብዙም አልደነቅ፤
ዘምዘምን ሰምቻለኋ።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ያን ፊልም ከስልኩ አወጣልኝ፤
ሙሉውን፣ ከነሦስተኛው። ስንደርስ እጄ ላበኝ።
ፈረስ ነበር። ፈረስ ብቻ።
ሃያ ደቂቃ አቧራ፣ ተኩስ፣ መጨረሻው ላይ ዛቻ።
ሙሽሪት የለች፣ አንበጣ የለ፣ ጊዜም ወደፊት ብቻ ሄደ፤
ያልከፈልኩትን ስሙኒ «መልሱ!» ልል ልቤ ወደደ።

ሮብሌን ደቻቱ ድልድይ ጋ አገኘሁት፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣
ከጫቱ አንድ ቀንበጥ መርጦ።
«ያን ምሽት?» አለ። «ሃያ ደቂቃ መሙላት ነበረብኝ፤
አለዚያ ወንበሩን ሰብረው ዕዳው ሊመጣብኝ።
ማሽኑ ይጮኻል፣ እኔ ከመስኮቷ ጀርባ ነኝ፤ የውጪውን አልሰማሁም።
ሰዉ ምን አለ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

ነገርኩት፤ ወርቁን፣ ውኃውን፣ ዘምዘምን፣ ተመልሶ የመጣውን ቀን።
ቀንበጡ እጁ ላይ ቀረ። ባጃጅ አለፈ፤ አቧራው ሸፈነን።
ሽማግሌው፣ አጥር ላይ እንደተንጠለጠለ ልጅ፣ ጠጋ አለና፣
«እሺ፤ ሙሽሪትስ? ከዚያስ?» አለኝ፣ ፊልሙ እንዳላለቀ ገና።