ውል

አክስቴ የሺመቤት በስም ብቻ ሳይሆን በእውን እመቤት ናት፤
በቶሪኖ ከተማ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አላት።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቀሚስ ሰፍታ፣
የሰው ሱሪ አሳጥራ፣ የሰው ኮት አስፍታ፣
በመርፌ ገዝታው ነው፣ በክር ከፍላው ነው፤
ከዚያ ሁሉ ጡብ ውስጥ ጣቷ ያልደማለት እስቲ የትኛው ነው?

የቤት ደላላው ግን፣ ሲኞር ብሩሳ፣
ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤
ከየት እንደለቀመው እግዜር ይወቅ፣
"እማማ" አላት።
ከዚህ ቃል በስተቀር አማርኛ አያውቅም።
ይኼ አንዱ በቂ ነው፤ ሌላ አያስፈልግም።

በየሐሙሱ መጣ። አምፖል ቀየረላት። ብርቱካን አመጣ፣
መድኃኒቷን ከፋርማሲ፣ ፖስታዋን ከታች እየያዘ ወጣ፤
ሰማንያ አራት ደረጃ!
እኔ ግን ሚላኖ፣ በባቡር አንድ ሰዓት፣
"ለገና መጣሁኝ"፣ "ለፋሲካ መጣሁ" እያልኩ ስደውልላት።

"እማማ፣" አለ አንድ ቀን፣
"ግብሩ፣ ጣሪያው፣ ቧንቧው፣ ማን ይከፍልልሻል?
እዚሁ ትኖሪያለሽ እስከ ዕድሜሽ ድረስ፤ ወረቀቱ ብቻ ስሙን ይቀይራል፤
በወር በወሩ ደግሞ ስድስት መቶ ዩሮ እጅሽ ላይ ይገባል።"

በስልክ ነገረችኝ፣ እየሳቀች።
በማግስቱ ሄድኩ። ደረጃውን ሁለቴ አርፌ ወጣሁ።
ውሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጧል፤ አሥራ ዘጠኝ ገጽ።
ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣
"ሻጭ ከስድሳ ቀን በላይ ሆስፒታል ከተኛች
የመኖር መብቷ ይቀራል" ይላል።
ባለፈው የካቲት ዳሌዋ ተሰብሮ የተኛችው
ሰባ ሁለት ቀን ነው።
እሱም ያውቃል፤ መድኃኒቷን የሚያመጣው ማን ሆነና ነው?

ልቀደው ነበር። ልጮህ ነበር።
ከዚያ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና
ከቦርሳዬ አወጣሁ የራሴን ወረቀት፤
"ውክልና ነው ይኼ፤ እዚህ ጋ ፈርሚና እኔ ልጠብቅሽ" አልኳት፣
በፍቅር፣ በጥድፊያ፣ በፍርሃት።

መነጽሯን አወለቀች።
ያን ሰው አንድም ቀን ያላየችውን አስተያየት
እኔን አየችኝ።
"አንተም ለፊርማ ነው የመጣኸው?"

ከታች ትራም አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤
በእኔና በእሷ መሐል አንድ ነገር ሳስቶ፣ ሊበጠስ ሲል ተንጠለጠለ፣ አልተበጠሰም፣ ተቀመጠ።

ከቅርጫቷ አነሳች የተወሳሰበ ጥቁር ክር፤
መቀሱን አልነካችም፤ በጥፍሯ ጫፍ ብቻ ስትቆፍር፣ ስትቆፍር፣
"አየህ፣" አለች፣ "ክር ሲጠላለፍ የቸኮለ ይቆርጣል፤
ልብስ ሰፊ ግን ውሉን ይፈልጋል።
ሌባም ቢሆን እኮ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ በር ከፍቼ፤
ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ፣ ከወንበሬ በደስታ ተነስቼ።
ቤት እየሸጥኩ መሰለህ?
ሐሙስ እየገዛሁ ነበር።"

በቀጠሮው ቀን ውል አዋዋዩ ዘንድ አብረን ሄድን።
ሲኞር ብሩሳ ቀድሞናል፤ አበባ ይዟል።
አክስቴ ገጽ አሥራ አራትን ገለጠች፣
መርፌ ያጠነከረውን ጣቷን ጉንዳኖቹ ላይ አሳረፈች፣
"ጮክ ብለህ አንብብልኝ፣ ልጄ፣" አለችው፣ "ዓይኔ ደክሟል።"

አላነበበም።
አበባው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የእኔንም ውክልና አልፈረመችም፤
እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ ነው፣ ከአዝራሮቹ ጋር።
ሐሙስ ሐሙስ ግን ከሥራ ስወጣ ባቡር እይዛለሁ፤
ፖስታዋን ከሳጥኑ ሰብስቤ ወደ ላይ እወጣለሁ፤
እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጠይቃለች፤
ያልገባንን ለብቻው እናኖረዋለን፣ አንዳንዴ ሳምንት ያድራል።

ሰማንያ አራት ደረጃ።
ሰማንያኛው ላይ፣ አሁንም፣ ትንፋሼ ይቆማል፤
ከበሩ በስተ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል።