አስቀድመህ አንኳኳ

የደሴን ፎጣዬን ሐረጎ ላይ ፈታሁ፤
ኮምቦልቻ፣ ከጋን ስር፣ ለሌሊት በረታሁ።

ቅንድቡን ግማሹን ሶዳ የበላበት፣
ሲስቅ የሚያስል ሰው፣ ቀልድ የማያልቅበት፣
እንድሪስ መከረኝ ጡረታ ሳይወጣ፦
«መርፌው ደህና ቢልህ አይቀርልህም ጣጣ፤
አስቀድመህ አንኳኳ፣ ኋላ ነው ማንበቡ፤
መርፌም እንደ ዘብ ነው፣ ይተኛል ከልቡ።»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስት ባር ይላል ጌጁ፤
በጥፍሬ ብነካው ስድስት ላይ ወጣ እጁ።
ቫልቩን ከፈትኩለት፣ እፎይ አለ ጋኑ፤
መዝገብ ላይ አንድ መስመር፣ ሰዓቱና ቀኑ።
ማንም አላወቀም፣ ቦርከናም አልሰማ፤
እንደ ወትሮው ነጋ ለባጃጅ ከተማ።

ደሴ ቤቴ ስደርስ፣ ጭጋግ በመስኮቱ፣
ዘሐራ ሶፋ ላይ፣ ሳይነካ እራቱ።
«ደህና ነኝ» አለችኝ፣ ዓይኗ ሳይል ቀና፤
ወደ አልጋ ስራመድ ቆምኩኝ እንደገና።

በጥፍሬ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ፣ ትከሻዋን ነካሁ፤
ሳላነብ
ጠበቅሁ።