የዋስ ዋስ

በፓርኑ ወደብ ላይ ባሕሩ ረግቷል፣
መስኮቱን በረዶ ግማሹን ጋርዶታል።
ከሆስፒታሉ ሥር፣ ከምድር ቤቱ ውስጥ፣
ኡርቬ የሰው ኮድ ስታነብ፣ ስትገልጥ፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ እዚያች መስመር ላይ
ጣቷ ቀጥ አለ፣ ዓይኗ ሌላ ላያይ፦

        ማረጋገጥ፦ ሐሰት።

ከጎኑ ማስታወሻ፦
«ለጊዜው ነው። ነገ አስተካክላለሁ። ራይዶ።»
ነገ የተባለው አራት ክረምት ሞላው።

ራይዶን ታውቀዋለች፣ ክፉ ሰው አይደለም።
ያን ሌሊት የታርቱ ቤተ ሙከራ
የደም ውጤት ልኮ፣ አልደርስ እያለ፣
ሐኪሞች በስልኩ እየጮኹበት፣
ማሽኑ አንድ ቃል ይደጋግምበት፦
«ዋሱን አላውቀውም። ዋሱን አላውቀውም።»
እሱም ዘበኛውን «ተኛ» አለው፤ ተኛ።
መስመሩ ተከፈተ።
አንድ ሕፃን በሰዓቱ ደም አገኘ፣ ይላሉ።

ከዚያ ወዲህማ ሁሉም አረንጓዴ፤
ቁልፉ ይዞራል፣
ቃሉ ተመስጥሮ በሽቦ ይበራል።
ምስጢር ነው። ግን ለማን?
በጨለማ መሐል ጆሮ ተፈልጎ፣
አፍን አስጠግቶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣
የማን ጆሮ እንደሆነ ሳይዳስሱት፣
ሹክ ማለት ብቻውን ምን ሊበጅ ለምስጢር ቤት?

«አራት ዓመት ሙሉ ምን ሆነ?» አላት አለቃዋ ካልዩ።
«ምንም።»
«ምንም እንዳልሆነ በምን አወቅን?» አለች፤
«የሚያየውን እኮ አስተኝተነዋል።»

ቀሰቀሰችው። መስመሩ ተበጠሰ።
ቀይ። እንደገና ቀይ።
አንተ ማነህ? የታርቱ ቤተ ሙከራ።
ዋስህን ጥራ!
ጠራ። የዋስህስ ዋስ?
ዝም።
ሥሩ እማሽኑ ሆድ ተቀምጦ ሳለ፣
ከሥርና ከቅጠል መሐል ግንዱ የለ፤
ያች መካከለኛ ሰርተፊኬት፣
አገልጋዩ መላክ የረሳት፤
ይኸው ነበር ጉዱ፣ የአንድ ፋይል ጉድለት።

ለሌምቢት ደወለች፤ በኢሜይል ላከላት።
«አሁን አሻራውን በአፍህ ንገረኝ» አለችው፣
«ፊደል በፊደል።»
አነበበ። አነበነበች። በመሐል ሳለ፣
ያንን ደረቅ ሳል፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ፣
አሥራ አንድ ዓመት በስልክ የምታውቀውን።
የሌምቢት ዋስ ሳሉ ነበር፤
የሳሉን ዋስ አልጠየቀችም።

ሲነጋጋ መስመሩ ቆመ፣ ዘበኛው ነቅቶ።
የራይዶን «ነገ» ሰረዘችው፤
ስሙን ግን ትንሽ አሰበችበት፣
ጣቷን ከቁልፉ በላይ አንጠልጥላ።