ከክዳኑ የተፋቀ

የጎረቤቴ ቤት በጥቅምት ተሸጠ፤
የጭነት መኪና ሶፋዋን፣ ሰዓቷን፣ አልጋዋን ዋጠ።
ወይዘሮ ስቴፋንያ አጥሩን ተደግፋ
ጠርሙስ አቀበለችኝ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ።
"የምሄድበት ቤት ማእድ ቤት የለኝም" አለች፤
"በሳምንት አንዴ አብላው። ሠላሳ ዓመቱ ነው።" ሄደች።

ከፈትኩት። ግራጫ፣ ልል፣ የሚያዛጋ ነገር፤
ሽታው የኮመጠጠ ፖም፣ ዝናብ የነካው አፈር።
እኔ ምን አውቃለሁ? የሳስካቱን ከተማ በረዶ ጠራጊ ነኝ፣
ሌሊት ስምንተኛ ጎዳናን ስገፋ የማድር፣ ቀን እንቅልፍ የሚጥለኝ።
ሶልያና ግን ወዲያው ስም አወጣችለት፦ ቡኮ።
"ውሻ አይገባም ካልከኝ፣ ይሄም ነፍስ አለው እኮ።"

የመጀመሪያው ዳቦ በር ማስደገፊያ ሆነ።
ሁለተኛው ድስቱ ላይ ተነጥፎ ባከነ፤
"የትኛው ጎማ ሄደበት?" አለች ፍሬሰላም።
ሦስተኛውን ለቁራ ጣልነው፤ ቁራው ሰላም እንኳ አላለም።

ኅዳር ላይ ነው እጄ መስማት የጀመረው።
በረዶን በማረሻው እጀታ ነው የማውቀው፤
እርጥቡ ይከብዳል፣ ደረቁ ይሸሻል፤
ሊጥም ቋንቋ አለው፣ ሲጠማው ይሻክራል፣ ሲጠግብ ይለሰልሳል።
አልደበድበውም። እጄን አርጥቤ ከአንድ ጠርዝ አነሣና
አጥፌ እተወዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት፤ እንደገና።
ሌሊቱን እሱ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ እኔ መንገድ ላይ፤
ጠዋት እንገናኛለን፣ ሁለታችንም በርዶን፣ የምድጃው አፍ ላይ።
በጢም ምላጭ አንድ ጊዜ ሰያፍ እሰነጥቀዋለሁ፣
የብረት ድስቱን ከድኜ ደቂቃ እቆጥራለሁ።
ሲወጣ ቅርፊቱ ይንጣጣል፤ ሶልያና ጆሮዋን አስጠግታ
"ያወራል" አለች። ምን አለ? "ቆይ፣ አልጨረሰም" በሹክሹክታ።

ጥር ገባ። ከዜሮ በታች አርባ አንድ፤ ሦስት ሌሊት ወጀብ፣
ሦስት ቀን ቤቴን አላየሁ። ቡኮን ማን ያስብ?
መስኮቱ ሥር እንደቆመ ግግር ሆነ፣ አበጠ፤
ጠርሙሱ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ፣ ፈረጠ።
ፍሬሰላም ስብርባሪው ከዳቦ እንዳይገባ ፈርታ
ሁሉንም ጠርጋ ጣለችው፤ የቆሻሻ መኪና ወሰደው በማታ።
ሶልያና እራት አልበላችም። እኔም ዝም።
ሠላሳ ዓመት የኖረው በእኔ እጅ አራት ወር አልከረመም።

ዕቃ ላጥብ ስል ክዳኑ ከገንዳው ተገኘ፤
ጠርዙ ላይ የደረቀ ቅርፊት፣ እንደ ጥፍር ቅራጭ የቀጠነ።
በቢላ ጫፍ ፋቅሁት፤ ማንኪያ አልሞላም።
ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጭብጥ ዱቄት። አንድ ቀን፤ ምንም የለም።
ሁለት፤ ምንም። ሦስት፤ የእርጥብ ካልሲ ሽታ።
በአምስተኛው ቀን ልጄ አልጋዬ ላይ ወጥታ
"አባ፣ ተነፈሰ!" እንቅልፌን ጥዬ ሮጥኩ፤
አንዲት አረፋ፣ ምስር የምታክል። እስክትፈነዳ ቆሜ ጠበቅኩ።

የእሷ ይሁን፣ የዱቄቱ፣ የጣቴ፣ የአየሩ፣
ማን ያውቃል? እርሾ ስም አይጻፍበት በግንባሩ።

የካቲት አጋማሽ አንድ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለን
ወንዙን ተሻግረን ሄድን፣ አንነግራትም ብለን ተማምለን።
አሸተተችው። ጀርባውን በጣቷ አንኳኳች።
ቆረሰች፤ በሰው ሠራሽ ጥርሷ ቀስ ብላ አላመጠች።
"እርሱው ነው" አለች። ያን ጊዜ ሶልያናን አፏ አላስቻላት፦
"ቡኮ እኮ ሞቶ ነበር! ከክዳኑ ፍቀን ነው ያስነሣነው" አለቻት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የማሞቂያው ቱቦ ብቻ ይንኳኳል።
ስቴፋንያ በሩን አየች፣ ነርስ እንዳይሰማ ይመስላል፣
ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ "በእኔ እጅ ሦስቴ ሞቷል።
ለልጆቼም አልነገርኩም።"
ሁለተኛ ቁራሽ አነሣች።
"ጨዉ ግን" አለች፣ "በዝቶበታል።"