ቀን፣ ሰዓት፣ ስም

«ጁን ዘጠኝ። ንጋት ላይ። ስሙ ሴዲ። ዛፍ ላይ ወጥቷል።»
ይሄ የኔ ድምፅ ነው። ከዚያ የሱ ይከተላል፤
«ዋ—» ብሎ ይሰነጥቃል፣ «ሁ—» ብሎ ይጎትታል፤
የኦካቫንጎ ውሃ ተቀብሎ፣ ለማዶው ደሴት ያቀብላል።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄው ነበር የኔ ሥራ፤
በሞኮሮ፣ በእግር፣ ደንገል ለደንገል፣ ከዝንጀሮ መንጋ ጋራ።
የጮኸውን እቀርጻለሁ፤ ዘወር ሲል ጎንበስ እላለሁ፤
የጣለውን በስንጥር አንስቼ በብልቃጥ እከታለሁ።
እናቴ ሰምታ ሣቀች፤ «ሦስት ላም ሸጬ ባስተምርሽ
ኩስ ለቃሚ ሆነሽ አረፍሽ? ደግ! ብቻ በአመድ ይታሽ እጅሽ።»
ግን የሁሩትሼ ልጅ ናት፤ ዝንጀሮ ነው ክብራቸው፤
«ማንን ትጨፍራላችሁ?» ሲሏቸው፣ «እሱን» ነው መልሳቸው።
ማታ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋለ ጌታቸው?»

ቁጥሩ ከቤተ ሙከራ የሚመጣው ከስንት ወር በኋላ ነው፤
«ቴስቶስትሮኑ ከፍ ብሏል» ይላል፤ ለኔ ግን ወሬው የከረመ ነው።
መንጋውን የገዛ ሰሞን «ሁ—»ው እንደ ጠፍር ይሳባል፤
የተረታ ለት ያጥራል፤ ጫፉ እንደተቃጠለ ክር ይሆናል።
አለቃዬን ጠየቅኩት፤ «ደሙ ነው የሚያስጮኸው
ወይስ ጩኸቱ ነው ደሙን የሚያፈላው?»
መነጽሩን ጠረገና፣ «ይሄን እኔም አላወቅሁት» አለ፤
ያን ለት ደስ አለኝ ሰውየው።

የከበደኝ የእናቶቹ ነው። እንግዳ ወንድ ሲመጣ
የምታጠባዋ ሥር ትምሳለች፣ አንዲት ድምፅ ሳታወጣ።
እኔም «ዝምታ» ብዬ መዘገብኩት፤
ስትጮኽ እንደነበር ኮርቲሶሏ ሲመጣ ነው ያወቅኩት።
ልጇን የነጠቋት ጊዜ ሦስት ቀን ተጣራች፣ ለውሃ፣ ለማዶ፣ ለደመና፤
በአራተኛው ካንዲት አሮጊት ጎን ሄደች፤
«እህ» አለቻት በለሆሳስ፤ ያችም «እህ» አለች እንደገና።
ቅማል ሲፈላለጉ መሸ። በወሩ ቁጥሯ ዝቅ አለ፤
ጥቂት፤ ሐዘን ባንዴ መች ይወርድና።

ዘንድሮ አንድ ወጣት መጣ፣ ኦሬዲትሴ የሚሉት፤
የድሮ ካሴቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ ያሉት።
«እማማ ጋሌቦዌ፣ መግቢያው ላይ የእርስዎን ድምፅ ልቁረጠው፤
ልኬቱን ያውክብኛል፤ ለእኛ እንደ ጫጫታ ነው።»
«ቁረጠው፤ ቁራጩን ግን» አልኩት «እንዳትጥለው።»

ሰጠኝ። ማውን፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው እያጓራ፣ ሌሊት ሰማሁት፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ስም። ቀን፣ ሰዓት፣ ስም። ሌላ ምንም አልጨመርኩበት።
መጀመሪያ ላይ ቀጭን ነው፤ የማን እንደሆነ ጠፋኝ፤
አንዱ ላይ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፤
ኬፌንሴን የስድስት ወር አርግዤ፣ የደሴቱ አሸዋ አድክሞኝ።
አንዱ ላይ «ኦገስት» ብዬ ቀረሁ፤ ቀኑን አልጨረስኩትም፤
ባሌን በቀበርን በሳምንቱ ነው። ዝንጀሮው ጮኸ። እሱ አልጠበቀኝም።
ከዚያ ይወፍራል ድምፄ፤ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ደረጃ ወርዶ ይገኛል፤
ያ የወር አበባዬ የተሰናበተኝ ዓመት ይሆናል።
ሆርሞን ነው፣ አውቃለሁ፤ ሳስረዳ የኖርኩት ለሌላ፤
የኔን ግን ብልቃጥ ይዞ አልተከተለኝም ማንም ከኋላ።

ዛሬ ሴዲ ዛፍ አልወጣም። ጥርሱ አልቋል። ኩይሳ ላይ ሆኖ
«ዋ—» አለ። ጠበቅኩ። «ሁ—»ው ቀረ፣ እንደ ጤዛ ተንኖ።
መቅረጫው ይዞራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን ብያለሁ፤
አፌ ሳያማክረኝ ጨረሰለት፣ በወፈረው ድምፄ፦ «ሁ—»

ኦሬዲትሴ ይሄንን ከየት እንደሚቆርጠው እንጃ፤
ሴዲ ዞር ብሎ አየኝ፣ ወረደ፤
እኔም ብልቃጤን ይዤ ተከተልኩ፣ ለማስረጃ።