ባስ የጎደለ ለት

ከአፉላ ጣቢያ ማዶ፣ የሱፉ ማሳ ሲያበቃ፣
ትንሽ ኮሌጅ አለች፤ ደወሏ የሚያንቀላፋ፣ ሊፍቷ የማይነቃ።
ዘበኛዋ ነኝ፤ አርባ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣
ከምሽት እስከ ንጋት የባዶ ክፍል አሳዳሪ።

ማክሰኞ ማታ ግን ሕንፃው ባዶ አይደለም።
ፕሮፌሰር ዲጻ ትመጣለች፤ አርፍዳ አታውቅም መቼም፤
በግራ ብብቷ ኖታ፣ በቀኝ እጇ ፔርሙዝ ይዛ፣
በአንድ ቡኒ ሹራብ ስምንት ክረምት፣ ሌላ ሳትገዛ።

«ሻሎም ትጋቡ!» ትለኛለች። «ጠ» አይወጣላትም።
ጥጋቡ ነው ስሜ ብያት ነበር፤ አልሆነላትም።
ባየችኝ ቁጥር ትጋቡ፣ ትጋቡ!
ለጋብቻ የተላከች ሽማግሌ ይመስል።

ይህች ሴት እኮ
ከሃያ አፍ መሀል አንዱ በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ፣
ዓይኗን ሳትከፍት ጣቷን ቀስራ «ኖጋ፣ ሁለተኛው ረድፍ!»
የምትል ናት። የኔ ስም ግን ጆሮዋን አመለጠው።

ታሪኳን ማንም አልነገረኝም፤ ከቅርጫቷ አነበብኩት።
የሎሚ ልጣጭ። የክኒን ካርቶን።
ሁለት መቶ አሳትማ መቶ ስልሳው የተረፈ የኮንሰርት ጥሪ።
ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ በትሕትና «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ፣
ለአራት ተቀድዶ የተጣለ፤
በማግስቱ ግን ጠረጴዛዋ ላይ በፕላስተር ተጣብቆ አየሁት።
ባሏ ሞቷል ይላሉ፤ ሄዷል የሚሉም አሉ።
ፒያኖው ብቻ መስከረም መስከረም ይቃኛል፣
ከገዛ ኪሷ።

በዚያ ጥር ባሶቹ ሦስቱም ቀሩ።
ሁለቱን ተጠባባቂ ጦር ጠራቸው፤
ሦስተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ፈረቃው አልተቀየረለትም።
ጥንት የተረገመው ጊልቦዓ ዝናብ እየጠገበ፣
ጉሙ እስከ መኪና ማቆሚያው እየተሳበ፣
ዲጻ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ቁልፍ ፈልጋ መሰለኝ።
«አንድ ድምፅ ብቻ፣» አለች፣ «ከሥር የሚይዝልኝ።»

ኖታ አላነብም አልኳት።
«ማን አንብብ አለህ? ያዝ!»
የደረቴን ሬዲዮ ገፋ አድርጋ መዳፏን አሳረፈች፣
ከራሷ ጉሮሮ የማይገባትን ወፍራም ድምፅ አንጎራጎረች።
ሃያ ዓመት «ማነህ? ቁም!» ሲል የኖረ ጉሮሮዬ
ተንቀጠቀጠ፣ ሳለ፣ ከዚያ ያዘ።

ኖጋ፣ ነርሷ ፕኒና፣ ከናዒን መንደር የምትመጣው ራኒያ፣
በላዬ ወጡ፣ ወረዱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፤
እኔ ባለሁበት።
ዘብ መቆም ለካ ይኼም ነው፤
ማንንም ሳይከለክሉ።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። የሱፍ ፍሬያቸውን እየፈለቀቁ ሄዱ።
ዲጻ በሩ ላይ ቆማ፣ ስለ ዝናቡ የምታወራ ያህል፣
ተማሪ ስላነሰ የሙዚቃ ክፍሉ በሰኔ እንደሚዘጋ ነገረችኝ።
ምን ልበላት? ዝናቡን አየሁ።

ከዚያ ምላሷን ከጥርሷ ጀርባ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ቆልፋ፣
እንደ ጀማሪ ተማሪ ሞከረች፤
«ት... ት...»
በሦስተኛው ፈነዳ፤ ራሷም ደነገጠች፤
«ጥጋቡ።»

በባትሪዬ እስከ መኪናዋ ሸኘኋት።
ተመልሼ ገለፈቱን ጠረግኩ። ሊፍቱ እንደተኛ ነው።
በደረጃው ወጣሁ፤ አርባ ሁለቱን በር ስቆልፍ
ያን አንድ ድምፅ አልለቀቅኩትም።